ዳርሜንድራ፦ ታላቅ ተዋናይ ወይስ መልከ መልካም ጉልበተኛ?

አወያዩ፦
የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣ አንጋፋው የሂንዲ ሲኒማ ኮከብ ዳርሜንድራ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 2025፣ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ሙምባይ ውስጥ ካረፉ ወዲህ፣ በመልእክቶቻችን መካከል አንድ ሙግት ብቅ እያለ ሲጠፋ አስተውያለሁና ዛሬ በወጉ እንድንነጋገርበት አቀርበዋለሁ። እኚህ ሰው ከ1960 ጀምረው ከስድሳ ዓመት በላይ ተውነዋል። የሂንዲ ሲኒማ ታዋቂ ሽልማት ለሆነው ለፊልምፌር ደጋግመው ቢታጩም በምርጥ ተዋናይነት ግን አንድም ጊዜ አልተሸለሙም፤ በ1997 የተሰጣቸው የዕድሜ ልክ አስተዋፅኦ ሽልማት ነው። ይህ ተገቢ ፍርድ ነበርን? ወይስ መልካቸውና ጡንቻቸው ችሎታቸውን ጋርዶባቸዋል? ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብትጽፉልን ለሁላችንም ይቀልላል።

የአራዳው ተመልካች፦
ነፍስ ይማር። ስለ ሟች በጎ በጎውን ማውራት ወጋችን መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም የቀረበው ጥያቄ ሰውየው ይወደዱ ነበር ወይ የሚል ስላልሆነ ያለ ይሉኝታ እመልሳለሁ። ዳርሜንድራ ታላቅ ኮከብ ነበሩ፤ ታላቅ ተዋናይ ግን አልነበሩም። ኮከብ ማለት ወደ ስክሪኑ ሲገባ ሕዝቡ የሚያጨበጭብለት ነው፤ ተዋናይ ማለት ደግሞ ሲገባ ማን እንደሆነ የምንረሳው ነው። ዳርሜንድራን ማን ረስቷቸው ያውቃል? ሽልማቱንም በተመለከተ፣ ‹ፉል ኦር ፓታር› በተባለው ፊልም ታጭተው በ1967 ያሸነፋቸው ‹ጋይድ› ላይ የተወነው ዴቭ አናንድ ነው፤ ሁለቱን ፊልሞች አይቶ ያንን ውሳኔ በደል ነው የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በተለይ በ1980ዎቹ በየፊልሙ ቡጢ፣ በየፊልሙ በቀል፣ በየፊልሙ «ውሻ! ደምህን እጠጣዋለሁ!» የሚል ዛቻ። ያ ዛቻ ዛሬም የህንድ ቀልደኞች እርሳቸውን መኮረጃ ነው። አንድን ተዋናይ በአንድ ዐረፍተ ነገር መኮረጅ ከተቻለ፣ ሥራው ብዙ መልክ ነበረው ለማለት ይከብዳል።

መምህርቷ፦
ወንድሜ የአራዳው፣ ያቀረቡት ሙግት ግማሹ እውነት ስለሆነ በዝምታ ላልፈው አልችልም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የዳርሜንድራ ትወና ያለው ጉልበታቸውን በተጠቀሙበት ቦታ ሳይሆን በያዙበት ቦታ ነው።

የጉልበተኛነትን ስም ካተረፈላቸው ፊልም ልጀምር፤ እርስዎም ያነሡት እርሱን ነውና። በ1966ቱ ‹ፉል ኦር ፓታር›፣ ትርጉሙም ‹አበባና ድንጋይ›፣ ሻካ የተባለ ወንበዴ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሸሚዛቸውን ያወለቁበትን ትዕይንት ነው። ለምን አወለቁት? ለመደባደብ አይደለም። ጎዳና ላይ የተኛች ለማኝ አሮጊት አይቶ፣ በላይዋ ላይ ሊጥልላት ነው ሻካ ሸሚዙን የሚያወልቀው። አዳራሹ ያጨበጨበው ለደረቱ ነው፤ ትዕይንቱ ግን ስለ ርኅራኄ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፊልም ሠሪዎች ደረቱን ወሰዱ፣ አሮጊቷን ረሷት። በዚያው ዓመት ደግሞ በሪሺኬሽ ሙከርጂ ‹አኑፓማ› ውስጥ፣ እናቷ እርሷን ስትወልድ በመሞቷ አባቷ ፊቱን ያዞረባትን ልጅ በትዕግሥት የሚያዳምጥ ደራሲ ሆነው ተውነዋል። እዚያ ውስጥ አንድም ቡጢ የለም። ከሦስት ዓመት በፊትም በቢማል ሮይ ‹ባንዲኒ› አንዲት እስረኛ ወድዶ ፍቅሩ የሚቀርበት የወህኒ ቤት ሐኪም ነበሩ፤ መሰበሩን በድምፅ ሳይሆን በዐይኑ ብቻ የሚናገር ሰው።

ዋናው ማስረጃዬ ግን የ1969ኙ ‹ሳትያካም› ነው። ህንድ ነጻነቷን ልታገኝ በተቃረበችበት ጊዜ ተመርቆ የወጣ ሳትያፕሪያ የተባለ መሐንዲስ፣ ውሸት የሚባል ነገር ስለማይሆንለት ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲንከራተት ይኖራል። እውነተኛነቱ ሚስቱንም ልጁንም ያስርባል፤ ፊልሙም ይህን አይደብቅም። በመጨረሻ በካንሰር ይወድቅና ድምፁ ይዘጋል። ለቤተሰቡ የሚተወው ነገር ስለሌለ፣ በጤናው ጊዜ እምቢ ያለውን የማጭበርበሪያ ሰነድ በሕመም አልጋው ላይ ፈርሞ ለሚስቱ ይሰጣታል። እርሷ ትቀድደዋለች። ያን ጊዜ በዚያ በከሳ ፊት ላይ የሚመጣውን ፈገግታ አንዴ ላየው ሰው፣ ይህ ሰው ተዋናይ አይደለም የሚለው ክስ ግራ የሚያጋባ ይሆንበታል። ያ ትልቅ ሰውነት አልጋው ላይ አለ፤ ጉልበቱ ግን ለምንም አያገለግለውም፤ ቃል የለው፣ ክንድ የለው። ‹ሳትያካም› በህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት የዓመቱ ምርጥ የሂንዲ ፊልም ተብሏል፤ ለዋና ተዋናዩ የተረፈ ነገር ግን አልነበረም።

የድሬዳዋው አዛውንት፦
ልጆቼ፣ በዕድሜ ስለምበልጣችሁ አንድ ነገር ላክልበት። እኛ በወጣትነታችን ድሬዳዋ ላይ የህንድ ፊልም ስንገባ የአማርኛ ትርጉም የሚባል ነገር አልነበረም። የሂንዲውን ቋንቋ የምናውቀው ሁለት ሦስት ቃል ነበር፤ የፍቅርና የእናት። የቀረውን ከዘፈኑ፣ ከልቅሶውና ከድብድቡ እንገምታለን፤ መብራት ሲበራም እያንዳንዳችን የየራሳችንን ታሪክ ይዘን እንወጣ ነበር። ዳርሜንድራ ሲመጣ ወንበር ላይ ቆመን እንጮህ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ስንፈርደው የነበረው ሰው ግማሹ ብቻ ነበር፤ አንደበቱ አልደረሰንምና።

ይህን የተረዳሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። የልጅ ልጄ ‹ቹፕኬ ቹፕኬ› የተባለውን የ1975 ፊልም ከግርጌ ጽሑፍ ጋር ከፈተልኝ። ዳርሜንድራ የዕፅዋት ፕሮፌሰር ነው። አዲሷ ሙሽራው የእህቷን ባል እንደ ሊቅ ስለምታየው፣ ያን ሊቅ ሊያሞኘው ሾፌር መስሎ ቤቱ ይገባል። ባለቤቱ ጠርቶ የጠየቀው ጥሩ ሂንዲ የሚናገር ሾፌር ነበርና፣ ሾፌሩ ሳንስክሪት የተጫነው ሂንዲ ይናገርለታል፤ በእኛ ብንመስለው ግዕዝ የሞላበት የደብተራ አማርኛ ማለት ነው። መኪና ነዳው ከማለት ሠረገላውን አንቀሳቀስኩት እንደሚል ሰው። ከዚያ ደግሞ እንግሊዝኛ ልማር ይላል፤ ቲ እና ኦ ‹ቱ› ከሆኑ፣ ዲ እና ኦም ‹ዱ› ከሆኑ፣ ጂ እና ኦ ስለምን ‹ጉ› አይሆኑም ብሎ ጌታውን ያፋጥጠዋል። ያ ጌታው፣ ኦም ፕራካሽ፣ ሊፈነዳ ይደርሳል። ዳርሜንድራ ግን ፊቱ አይንቀሳቀስም፤ በቅን ልቡ የሚጠይቅ የገጠር ሰው ነው። የፑንጃብ ገበሬ አገር ልጅ፣ ጽሑፉንም በኡርዱ የሚጽፍ ሰው፣ አፉን ባልፈታበት የሊቃውንት ሂንዲ እንዲህ ሲጫወት ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እናንተ ቡጢውን ትቆጥራላችሁ፤ እኛም እንደዚያው ነበርን።

የትወና ተማሪው፦
ጋሼ፣ ስለ ትርጉሙ ያነሡት ነጥብ ከዚህ በፊት ያላሰብኩት ነው፤ አመሰግናለሁ። ሆኖም መምህርቷም እርስዎም የጠቀሳችኋቸው ፊልሞች ‹አኑፓማ›፣ ‹ሳትያካም› እና ‹ቹፕኬ ቹፕኬ› ሦስቱም የሪሺኬሽ ሙከርጂ ሥራዎች ናቸው፤ ‹ባንዲኒ›ም ቢሆን ሙከርጂ አብሮት እየሠራ ያደገው የቢማል ሮይ ነው። እንግዲያው ምስጋናው ለተዋናዩ ነው ወይስ ለዳይሬክተሩ? ተዋናዩ ከአንድ እጅ ሲወጣ የሚጠፋ ጥራት የተዋናዩ ጥራት ነው ማለት ያስቸግረኛል።

መምህርቷ፦
ጥሩ ሸክላ ሠሪ መጥፎ ጭቃ አትመርጥም፤ ሙከርጂ ደጋግሞ ወደ እርሳቸው የተመለሰው ምክንያት ነበረው። ግን መልሱን እዚያው 1975 ላይ ታገኘዋለህ። ‹ቹፕኬ ቹፕኬ› በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ኦገስት 15 ቀን፣ የራሜሽ ሲፒ ‹ሾሌ› ወጣ። እዚያ ዳርሜንድራ የሚጫወተው ቬሩ ሰክሮ የውኃ ማጠራቀሚያ ማማ ላይ ይወጣና፣ የሚወዳት የባሳንቲ አክስት ጋብቻውን ካልፈቀደች ራሴን እወረውራለሁ እያለ መንደሩን ያስጨንቃል። ጠርሙሱን ያወዛውዛል፣ ይደናቀፋል፣ እግረ መንገዱን ስለ ራሱ አሟሟት ያውጃል። በአንዱ ፊልም ሳቁ የሚመጣው ፊቱ ከቶ ባለመንቀሳቀሱ ነው፤ በሌላው ሰውነቱ ሁሉ በመዘርገፉ። ዳይሬክተሩ ሌላ፣ ጸሐፊዎቹ ሌላ፣ የሳቁ ዓይነትም ሌላ፤ ዓመቱና ሰውየው ግን አንድ ናቸው። የዚያ ዓመት ሽልማት ‹አንዲ› ላይ ለተወነው ለሳንጂቭ ኩማር ተሰጠ፤ ሳንጂቭ ድንቅ ተዋናይ ነውና አልከራከርም። የሚያሳዝነኝ የሽልማቱ ሸንጎ ሰው ማስለቀስን ሥራ፣ ሰው ማሳቅን ግን ተፈጥሮ አድርጎ መቁጠሩ ነው። ሰው ማሳቅ የሞከረ ሁሉ የትኛው እንደሚከብድ ያውቃል።

በ1997ቱ መድረክም የሆነውን አስታውሱ። ሽልማቱን ያስረከቧቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያመልኳቸው አንጋፋው ተዋናይ ዲሊፕ ኩማር ነበሩ። ዳርሜንድራ በየዓመቱ አዲስ ሱፍ አሰፍቼ፣ ከረባት አዛምጄ እጠብቅ ነበር፤ አንድም ቀን አልተጠራሁም ብለው ተናገሩ። ዲሊፕ ኩማርም በፍቅር፣ ፈጣሪን ሳገኘው ለምን እንደ ዳርሜንድራ መልከ መልካም አላደረግከኝም ብዬ አማርርበታለሁ አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ፍቅሩም እውነተኛ ነበር። እኔ ግን ያን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይከፋል፤ ለትወናቸው በተከበሩባት በዚያች ምሽት እንኳ የተወሳው መልካቸው ነውና።

የአራዳው ተመልካች፦
እህቴ፣ በ‹ሾሌ› እና በ‹ቹፕኬ ቹፕኬ› ንጽጽር ረትተውኛል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አስቤያቸው አላውቅም ነበር። የቀረው ጥያቄዬ ግን የባሰ ነው። ይህን የሚችል ሰው ከሆኑ፣ በ1987 ‹ሁኩማት› ገንዘብ ካመጣ በኋላ ዓመት ከዓመት አንድ ዓይነት የበቀል ፊልም ላይ ለምን ፈረሙ? በ1990ዎቹ የሠሯቸው ደግሞ ሰው ሊያያቸው የሚያፍርባቸው ነበሩ። ያንን ሸንጎው አላደረገባቸውም፤ በገዛ እጃቸው ነው። ከአቅም በታች መሥራትን ከአቅም ማነስ በላይ እወቅሳለሁ።

መምህርቷ፦
በዚህ አልከራከርዎትም። እነዚያን ፊልሞች ለመከላከል ብሞክር ‹ሳትያካም›ን አሳንሳለሁ። በስልሳዎቹና በሰባዎቹ የነበረው መካከለኛ መንገድ፣ ትልቅ ኮከብ በትንሽ በጀት የሰው ታሪክ የሚጫወትበት፣ በሰማንያዎቹ እየጠበበ መሄዱ እውነት ነው፤ ያ ግን ምክንያት እንጂ ማስተባበያ አይደለም። የማዝነው ለሃያ ዓመት ያህል አንድ ሰው እንኳ ያችን የረሳናትን አሮጊት መልሶ ሳያመጣላቸው በመቅረቱ ነው።

ከዚያ ግን 2007ን ይመልከቱ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በስሪራም ራጋቫን ‹ጆኒ ጋዳር› የወሮበሎች አለቃ ሆነው፣ ሚስቱ ስታንጎራጉር የተቀዳ ድምፅ በካሴት እየሰማ የሚኖር ሽማግሌ ናቸው። አለቃ ነውና ይጮሃል ብለን እንጠብቃለን፤ አይጮህም፤ ያዳምጣል። የ‹አኑፓማ›ው ደራሲ አርባ ዓመት ቆይቶ የተመለሰ ያህል ነው። በ2023 ደግሞ በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው በካራን ጆሃር ፊልም ውስጥ የማስታወስ ችሎታውን ያጣ፣ ቤተሰቡ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው አያት ሆነው መጡ። ከሻባና አዝሚ ጋር የተሳሳሙበት ትዕይንት ብዙ አስወርቷል፤ እኔ ግን ከመሳሳሙ በፊት ያለውን ነው የምወደው፦ ባዶ የነበረው ዐይን የሚያውቀውን ፊት ሲያገኝ። ንግግር የለበትም ማለት ይቻላል።

የአራዳው ተመልካች፦
የ1967ቱ ሽልማት ለዴቭ አናንድ ይገባው ነበር የሚለውን አቋሜን አልለቅም፤ የሰማንያዎቹንም ወቀሳ እንደዚሁ። ስለ ‹ሳትያካም› ግን የምመልሰው የለኝም፤ ምክንያቱም እውነቱን ለመናገር ከመሀሉ ጀምሮ ነው ያየሁት፤ የሆስፒታሉ ክፍል ላይ ስደርስም ተነሥቼ ወጥቼ ነበር። የከሳ ዳርሜንድራን ማየት አልፈለግኩም። ጋሼ፣ የ‹ሳትያካም›ንም የግርጌ ጽሑፍ ያለው ቅጂ ከየት እንደሚገኝ የልጅ ልጅዎን ቢጠይቁልኝ ውለታዎን አልረሳም።

የድሬዳዋው አዛውንት፦
እጠይቅልሃለሁ ልጄ። ማታ ከሥራ ሲመለስ እጽፍልሃለሁ። ከመጀመሪያው ጀምረህ እይ፤ የሳትያፕሪያ ጓደኛ ሆኖ የሚተውነው ሳንጂቭ ኩማር ታሪኩን መተረክ ከሚጀምርበት።