የባልሳ ሮኬት ክንፍ ከልጅ ጋር፦ ለምን ይሰነጠቃል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የ9 ዓመት ልጄ ትንሽ ሮኬት መሥራት ትፈልጋለች። የካርቶን ቱቦው ከውጭ 24.8 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ሞተሩ ደግሞ የ18 ሚሊ ሜትሩ ነው። ባልሳ ከሚባለው ቀላል እንጨት ከቆረጥናቸው ሦስት ክንፎች ሁለቱ ገና በእጅ እንደያዝናቸው ተሰነጠቁ። ምኑን ነው የሳትነው? ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) አካባቢስ የት ማስነሳት ይቻላል?

መልስ

እህቴ፣ ችግሩ የእንጨቱ መስመር፣ ማለትም ክሩ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ባልሳ በርዝመቱ ጠንካራ ነው፣ በጎኑ ግን በጣት ይሰበራል። ስለዚህ መስመሩ የክንፉን የፊት ጠርዝ ተከትሎ መሄድ አለበት። ከቱቦው ጋር ትይዩ ከሆነ ክንፉ ሲያርፍ ከሥሩ ይገነጠላል። መጀመሪያ ንድፉን በወፍራም ወረቀት ቁረጡት፣ ከዚያ የፊት ጠርዙን በእንጨቱ መስመር ላይ አስተኝታችሁ በእርሳስ አስምሩ።

ለልጅ እጅ 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሉህ ይሻላል፤ 1.6ቱ ቶሎ ይሰበራል። ቆረጣው የትልቅ ሰው ሥራ ነው፦ አዲስ ምላጭ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ሳይጫኑ አምስት ስድስት ጊዜ መመላለስ። አንድ ጊዜ ተጭኖ መቁረጥ እንጨቱን ይጨፈልቀዋል። መስመሩን የሚያቋርጡትን ጠርዞች አስቀድሙ። በመስመሩ አቅጣጫ ስትቆርጡ ምላጩ ክሩን ተከትሎ ማምለጥ ይወዳል፣ ስለዚህ ጥቂት ትርፍ ተዉና በኋላ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት።

የልጅቷ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። ሦስቱን ክንፎች ደርባችሁ በስፒል ያዟቸውና ዙሪያቸውን አንድ ላይ ትሞርድ፤ እኩል የሚወጡት እንዲህ ነው። ከዚያ ለያይታ 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላ የፊቱን ጠርዝ ታድቦልቡል፣ የኋላውን ታሳሳ። በባዶ ጣት የተያዘ ወረቀት ጎድጓዳ ያወጣል። ከቱቦው ጋር የሚጣበቀው ጠርዝ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ይቅር። በየጠርዙ «ፊት»፣ «ኋላ»፣ «ቱቦ» ብላችሁ ጻፉ፣ አለዚያ ልጅ አራቱንም ያድቦለቡላል። አቧራው ጥሩ ስላልሆነ አፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል።

መልስ

የላይኛው ልክ ነው፣ ስለ ማጣበቅ ልጨምር። በወረቀት ጥብጣብ ቱቦውን ዙሩት፤ ዙሪያው 78 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በየ26ቱ ምልክት አድርጉና የበር ጉበንን እንደ ማስመሪያ ተጠቅማችሁ በርዝመቱ አስምሩ። የቱቦው ወለል ስለሚያብለጨልጭ ኮላ አይዝም፣ መስመሩን በቀስታ ፈግፍጉት።

የእንጨት ኮላ በሁለት ዙር ይቀባል። በቀጭኑ ቀብታችሁ ክንፉን ገጥሙት፣ ወዲያው አንሱትና ይድረቅ። ቀጥሎ ደግማችሁ ቀብታችሁ ስትገጥሙት አንድ ደቂቃ ያህል በእጅ ቢያዝ ይበቃል። ፈጣን ሙጫ ለልጅ አይሆንም፤ ጣት ያጣብቃል፣ ሮኬቱ ሲያርፍ በሚደርስበት ምትም ይሰነጠቃል። በመገጣጠሚያው ጎንና ጎን የሚቀባው ማጠናከሪያ ሲደርቅ ሮኬቱ ተጋድሞ ይቀመጥ፣ ከቆመ ኮላው ይወርዳል።

ማለስለሻ ቀለም ከመቀባት በፊት አንድ ነገር አስተውሉ፦ አንዱን ፊት ብቻ ከቀባችሁ ክንፉ ይጣመማል። ሁለቱንም ፊት በአንድ ጊዜ ቀቡ፣ በየቀለሙ መካከል በ400 ቁጥር አለስልሱ። ቱቦ የሚነካውን ጠርዝ ግን አትቀቡት፣ ኮላ እንጨቱ ውስጥ መግባት አለበት።

የባልሳ አፍንጫ ከሆነ ደግሞ ቱቦው ውስጥ የሚገባው ክፍል ሳይጠብቅና ሳይላላ ይሁን። ሮኬቱን አፍንጫውን ይዛችሁ ስታነሱት ይንጠልጠል፣ በቀስታ ስትነቀንቁት ይለቅ። ከጠበቀ ፓራሹቱ አይወጣም። እርጥበት ባልሳን ስለሚያሳብጥ ማስነሻው ቀን ላይ ደግማችሁ ፈትሹት።

መልስ

ሳይነሳ በፊት ሚዛኑን ፈትኑ። ሞተሩና ፓራሹቱ ተጭነው ሮኬቱ በሚመዛዘንበት ቦታ 2 ሜትር ተኩል ገመድ አስራችሁ ከራስ በላይ አሽከርክሩ። አፍንጫው እየቀደመ ከሄደ ደህና ነው። ካልሆነ አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ጭቃ መሰል ሸክላ ጨምሩ ወይም ክንፉን አስፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኤ8-3 የሚባለው ትንሽ ሞተር ይበቃል፤ ከነሞተሩ ክብደቱ ከ85 ግራም አይለፍ። 3ቱ ቁጥር ፓራሹቱ ለመውጣት የሚዘገይባቸው ሰከንዶች ናቸው።

ማስነሻው ላይ 4.5 ሜትር ርቃችሁ በኤሌክትሪክ ብቻ አስነሱ። ካልነደደ የማስነሻውን ቁልፍ አውጥታችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቁ።

ቦታን በተመለከተ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ፓርኮች ውስጥ አይሞከርም። በዋሽንግተኑ ሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ በግምት ከ13 እስከ 15 ናቲካል ማይል (ከ24 እስከ 28 ኪሎ ሜትር) ያለው የበረራ ክልል ያለ ልዩ ፈቃድ የሞዴል ሮኬትን ይከለክላል። ከክልሉ ውጭ በዘ ፕሌንስ፣ ቨርጂኒያ የሚገኘው ግሬት ሜዶው ጥሩ ሜዳ ነው፤ የተማሪዎች የሮኬት ውድድር ፍጻሜ እዚያ ይካሄዳል። የሚያስነሳው ክለብ ቀን ስለሚቆርጥ ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ላሉት የአክስት ልጆች ወስዳችሁ ለማሳየት ካሰባችሁ፣ ቱቦውና ባልሳው በሻንጣ ይሄዳል። ሞተሩ ግን በእጅም በተመዘገበም ሻንጣ አይፈቀድም፣ እዚሁ ይቅር።