የነብሮን ኢንሱሊን ልቀይር ነው፤ የትኛው ይሻላል?

የነብሮ እናት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ነብሮ የ11 ዓመት ወንድ ድመት ነው። የተኮላሸ፣ 6 ኪሎ የሚመዝን። ስኳር ከተገኘበት 5 ወር ሆነው። ካኒንሱሊን የሚባለውን ኢንሱሊን በየ12 ሰዓቱ እወጋዋለሁ። በ1 ዩኒት ጀምረን 3 ደርሰናል። ጠዋት ከመውጋቴ በፊት ስለካው 400 ነው (በሚሊሞል ለምትለኩ 22 ገደማ)። ከተወጋ ከ4 ሰዓት በኋላ 110 ይወርዳል። ማታ ተመልሶ 400! ውሃ ሲጠጣ ነው የሚውለው፤ የሽንት አሸዋው አይደርቅም። አሁን ደግሞ በኋላ እግሮቹ ተረከዙን መሬት እያስነካ መሄድ ጀምሯል። ሐኪማችን «ግላርጂን ወይም ፕሮዚንክ እንሞክር፣ እስቲ አስቢበት» አለኝ። ምኑን ነው የማስበው? የተጠቀማችሁ እስቲ ንገሩኝ። ክኒንም አለ ሲባል ሰምቻለሁ። መርፌውን ትቼ ወደ እሱ ብሄድስ?

ባለ ሁለት ድመቷ
አይዞሽ እህቴ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ካኒንሱሊን ከአሳማ የሚገኝ ኢንሱሊን ነው። የአሳማና የውሻ ኢንሱሊን አንድ ዓይነት ስለሆነ ውሻን ይስማማዋል። ድመት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልቃል። የአንቺም ቁጥር የሚለው ይህንኑ ነው፤ በኃይል ያወርደዋል፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ ይተወዋል። ስለዚህ 400 አየሁ ብለሽ ወደ 4 ዩኒት እንዳትወጪ። 110 የነበረው ወዴት እንደሚወርድ አስቢው።

እኔ ግላርጂን ነው የያዝኩት፣ ላንተስ የሚባለውን። ቆዳ ስር ሲገባ ጥቃቅን ክሪስታል ይሆንና ቀስ እያለ ይሟሟል። ለዚህ ነው ስኳሩን ሽቅብ ቁልቁል የማያደርገው። ግን ትዕግስት ይፈልጋል። በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብዬ ሐኪሙን ሳስጨንቀው ነበር፤ ልኩ የታየኝ ሳምንት ሊሞላው ሲል ነው። ፈሳሹ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ከደፈረሰ ጣይው። ከምንም ጋር አይቀላቀልም፣ አይቀጠንም።

ፕሮዚንክ ወዳጅ
ግላርጂን ጥሩ ነው፣ አልጣላም። ለአንቺ ግን እኔ ፕሮዚንክን ነው የምለው። ለድመት ተብሎ የተሠራ ነው፣ ከካኒንሱሊንም ረዘም ይላል። ትልቁ ነገር ደግሞ ሲሪንጁ ነው። እንደ ካኒንሱሊን 40 ዩኒት በሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ እጅሽ የለመደው ሲሪንጅ ይቀጥላል። ልዩነቱ አወጋጉ ሳይሆን አዘገጃጀቱ ላይ ነው፤ ካኒንሱሊንን ወተት እስኪመስል ትንጪዋለሽ፣ ፕሮዚንክን ግን በመዳፍሽ መሀል ቀስ አድርገሽ ብቻ ታንከባልይዋለሽ።

ጡረተኛዋ ነርስ
የሲሪንጁ ነገር ስለተነሳ የራሴን ጉድ ልናገር። ሰው ስወጋ የኖርኩ ሴት ነኝ። ድመቴን ወደ ግላርጂን ያዛወርኩ ዕለት ግን በአሮጌው ባለ 40 ሲሪንጅ 2 መስመር ቀዳሁ። ግላርጂን በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው። 2 ያልኩት 5 ዩኒት ሆነ! ሌሊት ስነሳ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ድዷ ላይ ማር ቀባሁና እየሮጥኩ ወደ ሐኪም። ተረፈች። ግላርጂን ከመረጥሽ የድሮዎቹን ሲሪንጆች ያኑ ቀን ከቤት አስወጪ። ግማሽ ዩኒት የሚያሳይ ባለ 100 ሲሪንጅ ያዢ።

የነብሮ እናት
እኔማ መሳቢያ ሙሉ አለኝ! እሺ፣ ስቀይር በዚያው በ3 ዩኒት ልቀጥል? ክኒኑንስ ማንም አልመለሰልኝም።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ
በ3 አትቀጥዪ። የኢንሱሊን ዓይነት ሲቀየር ድመቷ እንደ አዲስ ጀማሪ ነው የምትታየው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1 ዩኒት አካባቢ እንመለሳለን፤ ቁርጡን መጠን ግን ነብሮን የሚያየው ሐኪም ይንገርሽ። ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ ለ12 ሰዓት ስኳሩን መለካት ነው። በየጊዜው ጆሮ መውጋት ካስጠላሽ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መለኪያ አለ፣ እስከ 14 ቀን ይሠራል። ድመቱ ካልነቀለው ማለቴ ነው።

ክኒኖቹ ቤክሳካት ይባላሉ። በአሜሪካ የተፈቀዱት በ2022 መጨረሻ ነው። ኢንሱሊን ተወግታ ለማታውቅ ድመት እንጂ ለነብሮ አይሆኑም። ኢንሱሊን ለሚያስፈልገው ድመት መርፌውን አስቁሞ ክኒን መስጠት ኬቶን (ሰውነት በስኳር ፋንታ ስብ ሲያቃጥል ደም ውስጥ የሚከማች አሲድ) ሊያስከትል ይችላል፣ እሱ ደግሞ ይገድላል። በዚያ ላይ ስኳሩ ጥሩ መስሎ እያለ ሊመጣ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። ጥርሱ ታይቷል? ሽንቱስ ለኢንፌክሽን ተመርምሯል? ስቴሮይድ ይወስዳል? የተመረዘ ድድ ያለበት ድመት የትኛውም ኢንሱሊን ላይ ያስቸግራል። እግሩ ከስኳሩ የመጣ የነርቭ ጉዳት ይመስላል። ስኳሩ ሲስተካከል ብዙዎቹ ይሻሻላሉ፣ ግን በወራት ነው።

ባለ ሁለት ድመቷ
ደረቅ ምግብ ነው የሚበላው? ካርቦሃይድሬቱ ያነሰ እርጥብ ምግብ በጣም ይረዳል። ብቻ ምግቡንና ኢንሱሊኑን ባንድ ቀን እንዳትቀይሪ። ምግቡ ብቻውን ስኳሩን ሊጥለው ይችላል።

የነብሮ እናት
ጥርሱን አሳየሁት። ከኋላ አንዱ በስብሶ ኖሯል፤ ማክሰኞ ይነቀላል። ሲያገግም ፕሮዚንክ እንጀምራለን፣ ከ1 ዩኒት። ሲሪንጅ መቀየሩን ፈርቼ ነው፣ አልዋሽም። ምግቡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አንድ የቀረኝ፦ መርፌ ሳነሳ አልጋ ስር የሚገባውን ምን ላድርገው?

ጡረተኛዋ ነርስ
እየበላ ሳለ ውጊው። መብላቱንም ታረጋግጫለሽ። ካልበላ ግን ሳትወጊው ለሐኪሙ ደውዪ።