ኮሮላ ከተማ ውስጥ ሙቀት ያነሳል፣ መንገድ ላይ ይበርዳል (አዳማ)

ጥያቄ
ሰላም ወገኖች። መኪናዋ በፈረንጅ 1991 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ 1.3፣ ባለ ካርቡራተር። ቀን ላይ ፍራንኮ አካባቢ በባጃጅ መሀል ቀስ እያልኩ ስሄድ የሙቀት ጌጁ ሦስት ሩብ ይደርሳል፤ ወደ ሞጆ ስወጣ ግን ይወርዳል። ስቆም ራዲያተሩ ይንተከተካል፣ ትርፍ ውሃ መያዣው ሞልቶ ይፈሳል። ጠዋት ደግሞ የላይኛውን ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ) ተጨምቆ ልጥፍ ብሎ አገኘዋለሁ። በሁለት ቀን ግማሽ ሊትር ውሃ እጨምራለሁ። ጋራዥ «ተርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥተን እንጣለው» አሉኝ። ላስወጣው?

መልስ 1
አታስወጣው ወንድሜ። ማኒኮቶው ጠዋት መጣበቁ የራዲያተሩን ክዳን ያስጠረጥራል። ክዳኑ ሲሞቅ ግፊት ይይዛል፤ ሲበርድ ደግሞ መሀሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ተከፍታ ውሃውን ከመያዣው ትመልሳለች። እሷ ከደረቀች ራዲያተሩ ማኒኮቶውን ወደ ውስጥ ይመጠዋል። ላስቲኩ ካረጀ ደግሞ ግፊቱም የለም።

አዳማ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ ያለ ግፊት 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የመኪናህ ቬንትሌተር (የራዲያተሩ ማራገቢያ) የሚነሳው ደግሞ 93 አካባቢ ነው። በመሀላቸው ምን ቀረ? 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን መፍያውን ወደ 115 ያወጣዋል። 0.9 የተጻፈበትን ግዛ። ከዚያ የበለጠ ግፊት ያረጀ ራዲያተርና ማኒኮቶ ያፈነዳል።

መልስ 2
በክዳኑ እስማማለሁ፤ ግን ሲነዳ በርዶ ቀስ ሲል መሞቁ የአየር ችግር ነው። ቬንትሌተሩን ፈትሽ። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ኦን ላይ አድርግና የቬንትሌተሩን የሙቀት ስዊች ሶኬት ንቀል (ወደ ጌጁ ከሚሄደው ጋር እንዳታምታታው)። በዚያ ዘመን ቶዮታ ሶኬቱ ሲነቀል ቬንትሌተሩ መዞር አለበት። ከዞረ ፊውዙ፣ ሪሌውና የቬንትሌተሩ ሞተር ደህና ናቸው፤ ጥርጣሬው ስዊቹ ላይ ነው። ካልዞረ በቀጥታ ከባትሪ ስጠው። አሁን ከዞረ ፊውዝ፣ ሪሌ ወይም ሽቦ ነው፤ እያቃሰተ ከዞረ የቬንትሌተሩ ሞተር ካርቦን አልቋል። የራዲያተሩን ክንፎች አቧራም ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ቀስ ባለ ውሃ እጠብ።

መልስ 3
ተርሞስታቱን ከጠረጠርክ መጣል ሳይሆን መፈተን ነው። ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለህ ውሃውን አሙቅ፦ 82 ላይ መከፈት ይጀምራል፣ ውሃው ሲንተከተክ ወደ 8 ሚሊ ሜትር መከፈት አለበት። ካልተከፈተ ባለ 82 ቀይር። ያለ ተርሞስታት ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል።

የቧንቧ ውሃም ይቅር፤ በማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚጋገረው ነጭ ዝቃጭ የራዲያተሩንም ቀጭን ቱቦዎች ይዘጋል። ኩላንትና የባትሪ ውሃ (የተጣራውን ውሃ፣ አሲዱን አይደለም) እኩል በእኩል ቀላቅል። ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገህ፣ ክዳኑን ከፍተህ ቀስ እያልክ ሙላ፤ ከዚያ አስነሳና አረፋው እስኪያልቅ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ይሥራ። አረፋው ካላቆመ፣ ወይም ቀዝቃዛ ሞተር በተነሳ በደቂቃ ውስጥ ማኒኮቶው ድንጋይ ከሆነ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበላሽቷል ማለት ነውና መኪናዋን አትንዳት።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ነገ በጠዋት ከክዳኑ እጀምራለሁ።

መልስ 1
ጥሩ። ጋል እያለች ግን እንዳትከፍተው፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃም አታፍስ፣ ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ ይጣመማል።