ሹፌሩ የሚያየው ስክሪን ላይ ቪዲዮ ይፈቀዳል እንዴ?

ሕጉን የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። የገዛሁት ያገለገለ መኪና ዳሽቦርዱ ላይ ትልቅ ስክሪን አለው። ችግሩ፣ እየነዳሁም ፊልም ያጫውታል። ቪዲዮ የእጅ ፍሬን ሲሳብ ብቻ እንዲከፈት የሚያደርገውን ሽቦ የቀድሞው ባለቤት ከመኪናው ቦዲ ጋር አገናኝቶታል። ስለዚህ ስክሪኑ መኪናው ሁሌ የቆመ ይመስለዋል። (ብልጥ ነው መቼም!)

ካርታና የኋላ ካሜራ አላሳሰቡኝም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የብሪታንያ ደንብ ለሹፌሩ በሚታይ ስክሪን ላይ እንዲህ ያሉትን ይፈቅዳል፤ ፊልም ግን የለበትም። ግራ የገባኝ ሌላ ነው። ጎኔ የተቀመጠው ሰው ብቻ ቢያይና እኔ ዞር ብዬ ባላየው፣ ያው ጥፋት ነው? ስክሪኑን ወደ እሱ ማዞርስ ይበቃል? ሽቦውን ወደ ቦታው ለመመለስስ ዳሽቦርዱን መፍታት የግድ ነው?