ከእንጀራ በኋላ የሚቀረውን የምጣድ ሙቀት ምን ላድርገው?

ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከአዳማ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የምትሠሩ ወይም የምትጠግኑ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ።

ጋግሬ ስጨርስ ሶኬቱን ብነቅለውም ሸክላው ቶሎ አይበርድም፤ አክንባሎውን ከደፋሁበት ጭራሽ። ወደ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ነውና ያ ሁሉ ሙቀት ከንቱ ሲቀር ያንገበግባል። የመጨረሻዋን እንጀራ አጥፍቼ በትኩሳቱ ማውጣቱን ለምጄዋለሁ። የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የልጆች ገላ መታጠቢያ ውሃ ልጥድበት አሰብኩ። 10 ሊትር ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ግን ቀዝቃዛ ድስት የጋለ ሸክላ ላይ ሲያርፍ ቢሰነጥቀውስ? የድስቱ ቂጥም ያሟሸሁትን ገጽ ከፋቀው እንጀራው መያዝ ይጀምራል። ጎረቤቴ «ቆርቆሮ ጣል አድርጊበት» አለችኝ፤ ክብደቱስ? ውሃው ቢፈስስ? ከሥር ሬዚስታንሱ አለ።

የሞከረ ሰው አለ? በመሃል ምን ይግባ፣ ስንት ሊትርስ ይችላል? ወይስ ውሃውን ትቼ ድርቆሽ ላድርቅበት? በርበሬ ብቻ አትበሉኝ፣ ሽታው ለሚቀጥለው እንጀራ ይተርፋል።