ዝቋላ ላይ «የምድር ኃይል» አለ የሚሉን ከየት አምጥተውት ነው?

የአድአ ልጅ፦ አንድ አስጎብኚ ስለ ዝቋላ የጻፈውን ካነበብኩ ጀምሮ ንዴቴ አልበርድ ብሎኛል። «ወደ ተራራው የሚያወጣው የእግር መንገድ የምድር ኃይል የሚፈልቅበት ነው፤ ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ቦታውን የመረጡት ኃይሉን አውቀው ነው» ይላል። ጫማ አውልቆ ዐሥር ደቂቃ የቆመ ሰው ኃይሉ በእግሩ ይገባለታል ብሎ ገንዘብ ይቀበላል። እኔ ከተራራው ሥር ነው ያደግሁት። እናቴ ለመጋቢት 5 በሌሊት ተነሥታ፣ ቆሎዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትወጣ ነበር። ጫማዋን የምታወልቀው የገዳሙ ቅጥር በር ስትደርስ ነው። ከመሬቱ የምትቀዳው ነገር ስላለ ሳይሆን የምትረግጠው የተቀደሰ ስለሆነ ነው። ይህ ሰው የእናቴን ስግደት ባትሪ ከመሙላት ቆጠረው። ዝም ልንለው ነው?

ተጓዥዋ፦ በዚያ ጉዞ ላይ ነበርኩ፤ የከፈልኩትም በፈቃዴ ነው። አፋፉ ላይ ወጥቼ ሐይቁን ቁልቁል ሳየው ከሁለት ዓመት በፊት አባቴን ስቀብር ያልወጣልኝ ለቅሶ ወጣልኝ። ስሙን የፈለጋችሁትን በሉት። እናቶቻችንስ «ቦታው ይከብዳል» ይሉ የለም እንዴ? ይከብዳል ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

የደብር ልጅ፦ እህቴ፣ ለቅሶሽን የሚነካ የለም። ጠባችን «ኃይሉን አውቀው» ከሚለው ጋር ነው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገድል የሚነግረን ለኢትዮጵያ ምሕረት ሲለምኑ ሐይቁ ውስጥ ራሳቸውን ቁልቁል ተክለው መቶ ዓመት መቆየታቸውን ነው። ለራሱ ኃይል የሚቀዳበት ቦታ መርጦ የተቀመጠ ሰው ታሪክ ይህ ነው? ቦታው በእርሳቸው ከበረ እንጂ እርሳቸው በቦታው አልከበሩም።

ጡረተኛው መምህር፦ ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬአለሁና ልናገር። ዝቋላ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ሐይቁም የተኛው በአፉ ላይ ነው። ጫፉ 2,989 ሜትር ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት። በአንድ ጠዋት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የወጣ ሰው ልቡ ቢመታ፣ ራሱ ቢቀለው ምን ይገርማል? በ3,000 ሜትር ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው በሲሶ ገደማ ያንሳል። እውነተኛውን የምድር ኃይል የሚሻ አሉቶ ላንጋኖ ይሂድ፤ እዚያ ከጉድጓድ የወጣ እንፋሎት ተርባይን አዙሯል፣ ኃይሉም በሜጋ ዋት ተለክቷል።

ደግሞ «የምድር ኃይል» የሚለው ወሬ የእኛ አይደለም። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ዋትኪንስ በ1921 እ.ኤ.አ. ጥንታዊ ቦታዎች በቀጥታ መስመር ተደርድረዋል ሲል የታየው የድሮ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነበር። ኃይል ይፈስበታል የሚለውን የጨመሩት ሌሎች ናቸው፣ ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ። በአሜሪካ፣ በአሪዞናዋ ሴዶና ከተማ ቀይ ድንጋዮች ላይ ዛሬ ስንቱ የሚተዳደረው በዚሁ ወሬ ነው። እዚያ የተሰፋውን ልብስ ነው ለዝቋላ ያለበሱት።

ተጓዥዋ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ነገር ግን እንጦጦ ከዝቋላ ይበልጣል፤ አየሩም የበለጠ ይሳሳል። እዚያ በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ አንድ ቀን አላለቀስኩም። ለዚህ ምን ይሉኛል?

ጡረተኛው መምህር፦ ዝቋላ ስትሄጂ ልታለቅሺ አስበሽ ሄደሽ ነዋ፣ ልጄ።

ተጓዥዋ፦ ልቤን ያዩት ይመስል አይፍረዱብኝ።

ሐይቅ ዳር፦ እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። «ቦታው በእርሳቸው ከበረ» አልክ፣ የደብር ልጅ። አያቴ ዝቋላን በኦሮምኛ ጩቃላ ነው የምትለው፤ እርጥብ ሣር ይዛ ትወጣ ነበር። የእርሷ እናትም እንዲሁ። ተራራውን ነው ወይ የምትለምኚው ስላት ተቆጥታ «ተራራውን የፈጠረውን ዋቃን ነው» አለችኝ። ይህን አስጎብኚ ብትሰማው እርሷም ከእናንተ እኩል ትቆጣ ነበር። ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር እርሷን ከተራራው አታውርዷት።

የደብር ልጅ፦ አያትህን አላወረድኩም። ስለ ገዳሙ ክብር ነው የተናገርኩት።

ሐይቅ ዳር፦ «ቦታው» ነው ያልከው። ገዳሙ አላልክም። ከላይ ተጽፏል፤ ተመልሰህ አንብበው።

የደብር ልጅ፦ አንብቤዋለሁ። ለእኔ ቦታውና ገዳሙ አንድ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ ለእኔ አንድ አይደለም።

የአድአ ልጅ፦ ወንድሞቼ፣ እርስ በርስ ስንነካከስ ሰውየው ሌላ ቡድን ይዞ ይወጣል። ያችን የድንጋይ ስንጥቅ ታውቋታላችሁ፤ ኃጢአቱን ያልተናዘዘ አያልፍባትም የምትባለውን። በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ስገባ ትከሻዬ ተያዘ። ድንጋዩ ከስንት ዘመን ሰው መተሻሸት የተነሣ እንደ ወፍጮ መጅ ልሟል፤ ቀዝቃዛ ነው፤ የሰው ላብ ይሸታል። ከኋላዬ የነበሩ አሮጊት «ልጄ፣ ምን ሠርተህ ነው?» አሉኝ። ከጎረቤት ጓሮ የሰረቅሁትን ዘይቱን እዚያው ተናዘዝኩ፤ አሮጊቷ በመዳፋቸው ገፍተው አሳለፉኝ። አስጎብኚው ይህችኑ ስንጥቅ «የኃይሉ መውጫ በር» ብሎ ጽፏል። ንስሐው የት ሄደ? አሮጊቷስ?

ተጓዥዋ፦ ይህን ሲነግረን አልሰማሁም። ከሆነ ተሳስቷል። ቢሆንም ሰዎቹ ተራራውን ይወዱታል፤ ስንወርድ ፕላስቲክ እየለቀምን ሦስት ጆንያ ሞልተናል። የንግሥ ቀን የሚጥለውን ሕዝብስ ማን ይናገረው?

የደብር ልጅ፦ ሕዝቡን አትንኪ። በ2004 ዓ.ም. ደኑ ሲቃጠል ከአዲስ አበባ ሳይቀር ተነሥቶ፣ ቅርንጫፍ ይዞ እሳት ሲደበድብ ያደረው ያው ሕዝብ ነው። ያ ጥድ ዛሬ የቆመው ቅዱስ ነው ብሎ ስላመነ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ በዚህ እስማማለሁ። ፕላስቲኩ ግን እውነት ነው። ባለፈው ጥቅምት ስወጣ ከመኪናው መንገድ እስከ ሐይቁ ዳር የውኃ ጠርሙስ ነበር።

ተጓዥዋ፦ ይኸው፣ መምህር መሰከሩልኝ።

የአድአ ልጅ፦ ጆንያዎቹን የት አደረሳችኋቸው?

ተጓዥዋ፦ መንገዱ ዳር አስቀመጥናቸው። መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል ተብለን ነበር።

የአድአ ልጅ፦ የምን መኪና? ባለፈው እሑድ ሦስቱም ጆንያ ተቀደው፣ ጠርሙሱ ወደ ገደሉ ተበትኖ አይቼዋለሁ። እኔና የአጎቴ ልጅ ሁለቱን ሞልተን አወረድን፤ ሦስተኛው አሁንም እዚያ ነው።

ተጓዥዋ፦ የእኛ መሆኑን በምን አወቅህ?