64 ጊጋ ራም ላይ ሌላ 64 ልጨምር ወይስ በሁለት ትልልቅ ልተካ? (ራይዘን 9 7950ኤክስ)

ሬንደር_ቤት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ማሽኑ ራይዘን 9 7950ኤክስ፣ ቢ650 ማዘርቦርድ፣ ሁለት ፍሬ ባለ 32 ጊጋ ዲዲአር5 (ፍጥነቱ 6000፣ ኤክስፖ የሚባለው ራሙን በፍጥነት የሚያስኬደው ቅንብር በርቶ) ነው። ሥራው ብሌንደር (3ዲ) እና ዳቪንቺ ሪዞልቭ (ቪዲዮ) ሲሆን ሬንደሩ (የመጨረሻውን ምስል ማውጣቱ) ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳል። ትልቅ ሲን ሲከፈት 64ቱ ይሞላና ዊንዶውስ ወደ ዲስክ መጻፍ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ መንቀራፈፍ ነው። ሁለት ስሎት ባዶ ስለሆነ ያንኑ ኪት ደግሜ ልግዛ? ኢሲሲስ (ስህተት የሚያርም ራም) የግድ ነው? ከፍጥነቱ ይልቅ እንዳይቋረጥ ነው የምፈልገው።

ሲግናል
ወንድሜ፣ ያንኑ ኪት አትድገም። ለ7950ኤክስ ኤኤምዲ በይፋ ያስቀመጠው ፍጥነት በሁለት ፍሬ 5200፣ በአራት ፍሬ 3600 ነው። አሁን የምትሠራበት 6000 ራሱ ኦቨርክሎክ (ከይፋዊው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ) ነው። ባለ 32 ጊጋዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዱዋል ራንክ (በአንዱ ፍሬ ላይ ሁለት የቺፕ ቡድን ያላቸው) ስለሆኑ አራቱን ስትሰካ በአንድ ቻናል (ከፕሮሰሰሩ ወደ ራሙ በሚሄድ መስመር) አራት ራንክ ይንጠለጠላል፤ መስመሩ ላይ ሸክም ሲበዛ ሲግናሉ ይበላሻል። ኤክስፖ እንደበራ ከተውከው ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። የከፋው ግን ተነስቶ ሬንደሩ መሐል ላይ ሲዘጋ ነው፣ ምክንያቱም ጥፋቱን ብሌንደር ላይ እየፈለግህ ትደክማለህ። በዚያ ላይ ለየብቻ የተገዙ ሁለት ኪቶች የሞዴል ቁጥራቸው አንድ ሆኖ እንኳ ውስጣቸው ያለው ቺፕ ሊለያይ ይችላል።

ያለውን ሸጠህ ሁለት ባለ 48 (96 ጊጋ) ወይም ሁለት ባለ 64 (128 ጊጋ) ግዛ። የትኛው እንደሚበቃህ ለማወቅ ትልቁን ሲን ክፈትና ሬንደር እየሄደ ታስክ ማናጀር፣ ፐርፎርማንስ፣ ሜሞሪ ውስጥ «ኮሚትድ» የሚለውን እይ። የመጀመሪያው ቁጥር ነው የሚያስፈልግህ።

ፓሪቲ
ስለ ኢሲሲ። ዲዲአር5 ሁሉ ቺፑ ውስጥ የራሱ ማረሚያ አለው፤ ነገር ግን ከቺፑ እስከ ፕሮሰሰሩ ባለው መንገድ ላይ የሚበላሸውን አያይም፣ ስህተት መፈጠሩንም ለዊንዶውስ አይናገርም። ሻጭ «ዲዲአር5 ሁሉ ኢሲሲ ነው» ቢልህ አትቀበል። ትክክለኛው ኢሲሲ ተጨማሪ ቺፕ አለው፦ አንድ ቢት ሲበላሽ ያርማል፣ ሁለት ቢት ሲበላሽ ያሳውቃል።

ፕሮሰሰርህ ይደግፈዋል፤ ቢ650 ማዘርቦርድ ሁሉ ግን አይደግፍም። የሞዴሉን መግለጫ አንብብ፣ «አንባፈርድ ኢሲሲ» (ለተራ ማዘርቦርድ የሚሆነው የኢሲሲ ዓይነት) የሚል ከሌለ ተወው። ከሰርቨር የወጣ ርካሽ ራም አብዛኛውን ጊዜ ሬጅስተርድ የሚባለው፣ ለሰርቨር የተሠራ ዓይነት ነው፤ የዲዲአር5ቱ ጥርሱ ላይ ያለው ክፍተት ቦታው ስለሚለይ ስሎቱ ውስጥም አይገባም። በእኔ አስተያየት ለፍሬም ሬንደር የግድ አይደለም፤ የተበላሸው ፍሬም ተመልሶ ይሠራል። ለቀናት የሚሄድ ሲሙሌሽን ወይም የደንበኛ ዋና ፋይል የሚቀመጥበት ማሽን ከሆነ ግን ኢሲሲ ሳይኖረው አልመክርም።

ሬንደር_ቤት
አመሰግናለሁ። ኮሚትዱ 81 ደረሰ፤ ስለዚህ 96ቱን እወስዳለሁ። ስሰካው ምን ልጠንቀቅ?

ቤንች
አሮጌው ራም እንደተሰካ ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን የማዘርቦርዱን ሶፍትዌር) አድስ። የቆየ ባዮስ ባለ 48ን ላያውቀው ይችላል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት ደግሞ የኤስኦሲ ቮልቴጁን (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ላለው የራም መቆጣጠሪያ ክፍል የሚሄደውን) ከ1.3 ቮልት በላይ እንዳይሄድ ይገድባሉ፤ ኤክስፖ ለሚያበራ ሰው ይህ ለፕሮሰሰሩ ደኅንነት ነው።

ከዚያ አጥፍተህ ከሶኬት ንቀል፣ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ስሎት ላይ ጠቅ እስኪል ስካ። መጀመሪያ ስታበራው ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨለማ ሊሆን ይችላል፣ ራሙን እየለካ ነው። ተበላሸ ብለህ አታጥፋው፤ መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆንክ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ይሁን።

ኤክስፖ ሳታበራ በሜምቴስት86ፕላስ (ራም መፈተሻ ፕሮግራም) ከፍላሽ አስነስተህ ቢያንስ 4 ዙር አስኪደው፤ 96 ጊጋ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ካለፈ ኤክስፖ አብርተህ ድገመው፣ ቀጥሎ ዊንዶውስ ውስጥ ፕራይም95ን (ፕሮሰሰሩንና ራሙን በከባድ ጭነት የሚፈትን ፕሮግራም) «ላርጅ ኤፍኤፍቲ» የሚለው ምርጫ ላይ ሌሊቱን ተወው። ሜምቴስት ብቻውን አይበቃም፣ ፕሮሰሰሩ ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ ሲሞቅ ብቻ የሚወጣ ስህተት አለና።

አንድ ኤረር ብቻ ቢሆንም አትለፈው። የታየው ኤክስፖ ሲበራ ብቻ ከሆነ ወደ 5600፣ ካስፈለገም ወደ 5200 አውርድና እንደገና ፈትሽ። ኤክስፖ ጠፍቶም ካለ አንድ አንዱን ፍሬ ለየብቻ እዚያው 2ኛው ስሎት ላይ ፈትን። ስህተቱ ፍሬውን ከተከተለ ራሙን መልስ፤ ሁለቱም ላይ ከታየ ስሎቱን፣ ማዘርቦርዱን ወይም የፕሮሰሰሩን አቀማመጥ ጠርጥር።